ሁለት ጣት የተረፈው በረባሶ

ሪዚኪ በረባሶው ለፋኪ ትልቅ እንደነበር ልብ ያለችው የፖሊስ መኪናዋ ከሰፈሩ ወጥታ አቧራው ከረጋ በኋላ ነው። ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ጓሮ ካለው ቧንቧ ስር ቁጢጥ ብላ እግሯን ስታጥብ የገዛ ተረከዟን አየችና እጇ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ፋኪ በመንገዱ ሲያልፍ ከተረከዙ ኋላ ሁለት ጣት የሚያህል ጎማ ተርፎ መሬቱን ጠፍ ጠፍ ያደርግ ነበር። አይታዋለች። ዓይኗ ያየውን ግን ልቧ አልሰማም፤ ልቧ ያኔ የያዘው ቢጫውን ክር ብቻ ነበር።

በረባሶ እንደ ሱቅ ጫማ አይደለም። ሞምባሳ ውስጥ በረባሶ የሚያሠራ ሰው ጎማው ላይ ይቆማል፣ በእግሩ ዙሪያ በጠመኔ ይሰመርለታል፣ በዚያው ልክ ይቆረጥለታል። ሁለት ጣት የሚተርፍ በረባሶ ያደረገ ሰው የሌላ ሰው ጫማ ነው ያደረገው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሪዚኪም ታውቀዋለች፤ ውሃው እግሯ ላይ እየፈሰሰ ያወቀችው ግን ፋኪን ከወሰዱት ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው።

ሪዚኪ ክፉ ክፉውን ቀድማ የምታስብ ሴት ናት። ባሏ መርከብ ላይ ይሠራ በነበረበት ዘመን ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ስታለቅስለት ኖራ፣ እሱ ግን የሞተው እቤቱ፣ አልጋው ላይ፣ በወባ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ያልጠበቅሁት ነው ብላ ሁሉንም መጠበቅ ጀመረች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። ሁለት ልጆች አሏት። ትልቁ ባዲ ቦምብ የሚያፈነዱ ሰዎችን በሚያሳድደው የፖሊስ ልዩ ክፍል ውስጥ ነው። የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሳውሙ ከባሕሩ ወዲያ ማዶ ነርስነት ትማራለች፤ በቀን ሁለት ጊዜ በማሻገሪያው መርከብ ትመላለሳለች። ማታ ማታ ሪዚኪ ደፉ ላይ ያሉትን ጫማዎች ሳትቆጥር በር አትቆልፍም። ከቆጠረች በኋላ ግን በመንገዱ ካሉት በሮች ሁሉ ቀድሞ የሚቀረቀረው የሷ ነው።

ያ ሳምንት በክፉ ነበር የገባው። ሰኞ ዕለት አትክልት ተራ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ቦርሳ ፈንድቶ አምስት ሰው ገደለ። ማክሰኞ ቦርሳ ሻጩ ተገኘና አንድ ሰው ሁለት አንድ ዓይነት ቦርሳ ከሱ እንደገዛ ተናገረ። ሁለተኛው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። የገዛውን ሰው መልክ ሻጩ አያስታውስም። ገበያው በር ላይ እሸት ኮኮናት የሚሸጠው ሽማግሌም የሰውየውን ፊት አላየም፤ ጎንበስ ብሎ ኮኮናት ሲቆርጥ ያየው እግሩን ነው። በረባሶ ነው፣ የቀኙ ጠፍር በቢጫ የመረብ ክር ሦስት ቦታ ተሰፍቷል፣ ቋጠሮው ወደ ውጭ ነው።

ይህን ባዲ ረቡዕ ማታ እራት ላይ አወራው። ማውራት አልነበረበትም፤ ሽማግሌው ራሱ ግን ለገበያው ሁሉ ስላወራው ምስጢርነቱ አልቆ ነበር። አለቃው ኢንስፔክተር ሙሴምቢ ሁለተኛው ቦርሳ ለማሻገሪያው መርከብ የታሰበ ነው ብሎ እንደሚያምንም ነገራቸው። መርከቡ ጠዋት ጠዋት በአንድ ጊዜ ሺህ ሰው ይጭናል። ሳውሙ ዓሣዋን እየፈለፈለች ከሺው አንዷ እሷ እንደሆነች አስታወሰችውና ሳቀች። ሪዚኪ አልሳቀችም። ያን ሌሊት ልጇን ከባሕር አውጥታ አጠበቻት፣ ገነዘቻት፣ ቀበረቻት፤ ጠዋት ተነስታ ቁርስ ሰጠቻት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሪዚኪ ከበሩ አጠገብ ያለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ትለቅም ነበር። ትይዩ ያለው በር የምዋናኮምቦ ነው። ሁለቱ ሴቶች በአንድ ዓመት ነው ተድረው ወደዚህ መንገድ የመጡት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሁለቱ በሮች መካከል ሳህን ሲመላለስ ኖሯል፤ ባዶውን ተመልሶ ግን አያውቅም። ሩዝ የወሰደ ሳህን በማንጎ፣ ማንጎ የወሰደ በደረቅ ዓሣ ይመለሳል። ቤት ምንም ባይኖር አንዲት ሎሚ ይደረግበታል። ባዶ ሳህን ለጠላት ነው። ምዋናኮምቦ እንደ ሪዚኪ አይደለችም፤ ፍርሃት አታውቅም። በሯን ገርበብ ታደርገዋለች እንጂ ቀርቅራው አታውቅም። ሌባ ቢመጣ አንቺ ትጮኺልኛለሽ፣ ትላት ነበር።

ፋኪ የምዋናኮምቦ አንድ ልጅ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ኮፊያ ይጠልፋል። ጥልፉ የደቀቀ ስለሆነ አንዱ ኮፊያ ሁለት ወር ይፈጅበታል፤ ሙሽሮች ከሩቅ ከተማ ድረስ ያዝዙታል። ከመርፌው ውጭ ያለውን ነገር ሁሉ ግን ይረሳል። ከሁሉ በላይ የሚረሳው ጫማውን ነው። መስጊድ በር ላይ ከተከመረው ጫማ መካከል የራሱን ለይቶ አያውቅም። የተረፈውን አጥልቆ ይመጣል፣ በሚቀጥለው ጁምዓ ባለቤቱ ይቆጣውና ይለዋወጣሉ። ፋኪ መስጊድ የሚሄደው ለሶላት ነው ወይስ ለግብይት፣ ይባላል በሰፈሩ። ይህን ቀልድ መጀመሪያ ያወጣችው ሪዚኪ ራሷ ነበረች።

ያን ዕለት ግን ቀልዱ አልመጣላትም። ፋኪ ጠፍ ጠፍ እያለ መጣ፣ ሰላም አላት፣ ጫማውን ደፉ ላይ አውልቆ ገባ። ሪዚኪ ሩዙን እንደያዘች አየችው። በረባሶ ነው። የቀኙ ጠፍር በቢጫ ክር ሦስት ቦታ ተሰፍቷል። ቋጠሮው ወደ ውጭ ነው።

ሩዙ ከጭኗ ላይ ፈሰሰ። ያየችው መርከቡን ነው፤ ውሃ ላይ የተንሳፈፈውን የሳውሙን ነጭ ሻሽ ነው። እቤት ገብታ ባዲ ዘንድ ደወለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችው፣ ጠይቁት ብቻ፣ አደራ አለችው። መጠየቅ ብቻ ነው እማ፣ አላት።

ከመግሪብ በፊት አራት ሆነው መጡ። ፋኪን ሲያወጡት ጣቱ ላይ የስፌት ቀለበቱ ነበረች፣ ግማሽ የተጠለፈ ኮፊያ ከነመርፌው በእጁ ይዞ ነበር። ምዋናኮምቦ ሳትከናነብ ሮጣ ወጥታ የባዲን ክንድ ያዘች። ፋኪ እኮ ነው፣ አብራችሁ የተገረዛችሁት ፋኪ ነው፣ ትለዋለች። ባዲ እጇን ቀስ አድርጎ ከክንዱ አላቀቀና አሁን ይመለሳል እማማ፣ ጥቂት ጥያቄ ነው አላት። በረባሶውን በላስቲክ ከረጢት አስገብተው ሄዱ። ፋኪ በባዶ እግሩ ነበር።

ሪዚኪ ከቧንቧው ስር ተነስታ ባዲ ዘንድ አምስት ጊዜ ደወለች። አላነሳም።

ቅዳሜ ጠዋት ባዲ ሸሚዝ ሊለውጥ መጣ። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ርሶ ነበር። እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ፣ ተቀመጠ። ሪዚኪ ትኩስ ማሃምሪ፣ የሊጥ ጥብሱን፣ ከዘይቱ አውጥታ በኮኮናት ወተት ከተቀቀለው አተር ጋር አቀረበችለት። ሳውሙ ገና ተኝታ ነበር። ሁለት ሦስት ቁራሽ እስኪበላ ድረስ ጠበቀችና ፋኪ ምን እንዳለ ጠየቀችው።

“ጫማዬ መስጊድ ተለወጠብኝ ነው የሚለው።” ባዲ ሳቀ። “ዘንድሮ ሱሪውም መስጊድ የተለወጠበት አይጠፋም።”

“ባዲ፣ ጫማው ለሱ ትልቅ ነው። አይቼዋለሁ። ሁለት ጣት ይተርፈዋል።”

“አስለክተነዋል እማ። ልክክ ነው ያለው።”

“መቼ ነው የለካችሁት?”

ባዲ ማሃምሪውን አተሩ ውስጥ ነከረው፤ ነክሮ ግን ወደ አፉ አላደረሰውም።

“ሌሊት ነዋ።”

“ከምኑ በፊት? ወይስ ከምኑ በኋላ?”

ሪዚኪ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን እርጥብ ሸሚዝ አየችው። በዚህ ከተማ ፖሊስ ሰውን የት እንደሚመታ የማያውቅ የለም። ፊት አይነኩም፣ ፊት ይታያል። ውስጥ እግር ነው፤ በውሃ ጎማ ነው፤ መሬቱን እያራሱ ነው። ውስጥ እግሩን የተገረፈ ሰው እግሩ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። እንዲህ ያለ እግር እንኳን ሁለት ጣት የተረፈውን በረባሶ ጀልባም ይሞላል።

“አብጦ ነው የለካችሁት” አለች።

“እማ፣” አለ ባዲ፤ ድምፁ ልጅ ሳለ ሲያተኩሰው እንደነበረው ለስለስ ብሎ ወጣ፤ “ሰኞ ሳውሙ መርከቡ ላይ ትወጣለች ወይስ አትወጣም? እሱን ንገሪኝ። አትወጣም በይኝና አሁን ሄጄ የፋኪን እግር በሞቀ ውሃ አጥቤ እቤቱ አደርሰዋለሁ። ሌሎቹስ? ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙስ? ለነሱ ማን ይደውልላቸዋል?”

ከዚያ የኢንስፔክተር ሙሴምቢን ሒሳብ ነገራት። በአንድ በኩል በአንድ ወር የሚድን የአንድ ሰው እግር አለ። በሌላ በኩል ሺህ ሰው አለ። ሙሴምቢ ይህን የሚናገረው እየሳቀ አይደለም፤ እሱም ሦስት ሴቶች ልጆች አሉት፣ ሥራውም ያመዋል፣ ሌሊት ሌሊት ጨጓራውን ይይዘዋል። ሪዚኪ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳለች፤ ሒሳብ ታውቃለች። የሒሳቡን ስህተት ፈልጋ አጣችው። ያጣችው ስህተት ስለሌለው አይደለም፤ የሳውሙ ነጭ ሻሽ ዓይኗ ላይ ስለነበረ ነው።

“ካልሆነስ? እሱ ካልሆነስ?”

“ካልሆነ ይቅርታ እንጠይቀዋለን። ቦርሳው ግን ይቅርታ አይጠይቅም።”

ሻይ ቀዳችለት። ስኳሩን አማሰለችለት፤ ራሱ ማማሰል ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ስታስቀምጥ፣ እንዲህ አለች፦

“ጣቶቹን ተዉለት። እንጀራው እነሱ ናቸው።”

ባዲ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሊመጣ ብሎ ቀረ።

“እሺ” አለ። “ጣቶቹን እንተውለታለን።”

ሻዩን ጨርሶ፣ ደረቅ ሸሚዝ ለብሶ ሄደ። ሪዚኪ ሳህኑን ስታጥብ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። አሥር ጣት ለመነች፣ ሌላውን መረቀች። ሥጋ ቤት ገብቶ ይህን ተዉት ያለ ሰው ያንን አምጡ ማለቱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ምዋናኮምቦ መጣች። ሦስት ፖሊስ ጣቢያ ዞራ ነው የመጣችው፤ ሁሉም እኛ ዘንድ የለም ብለዋታል። እንዲያም ሆና ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ጨውና በርበሬ የተነሰነሰበት ጥሬ ማንጎ በሪዚኪ ሳህን ይዛ ነበር። ትንሽ ነው፣ እጄ አልያዝልሽ ብሎኝ በደንብ አልቆረጥኩትም ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አወራች። ለኢድ የገዛችለት አዲስ ቡናማ የቆዳ ነጠላ ጫማ እንዳለ አነሳች። ገና በሳምንቱ ከምድጃ ፍም ወድቆበት የጫማውን ቀኝ ተረከዝ እንደ ግማሽ ጨረቃ አቃጥሎታል። ዓርብ ያንን አድርጎ ሄዶ ያንን የጎማ ቁራጭ ሲጎትት ቢመጣ ሰድባዋለች። ፋኪም፣ ባለቤቱ በሚቀጥለው ጁምዓ ይመጣል እማ፣ ምን ያስቸኩልሻል ብሏታል።

“የባዲ እናት፣” አለች ምዋናኮምቦ፤ “የልጄን ጫማ ያደረገውን ሰው ይፈልጉት። ጫማው ተረከዙ ላይ ጠባሳ አለው። ለባዲ ይህን ብቻ ንገሪልኝ። አንቺን ይሰማሻል።”

እነግረዋለሁ አለቻት። እጇንም ያዘችላት።

ምዋናኮምቦ ስትወጣ ሪዚኪ ስልኩን አነሳች። አነሳችና ያዘችው። ብትነግረው ምናልባት ፋኪን ይለቁታል። እናት ደግሞ ትዋሻለች። እኔ ብሆን አልዋሽም? ጠባሳም ፈጥሬ፣ ጨረቃም ሥዬ አልዋሽም? ዋሽታ ቢሆንስ፣ ፋኪ ወጥቶ ሰኞ ጠዋት መርከቡ ቢፈነዳስ? ያን ጊዜ ማንን እከስሳለሁ? እውነት ቢሆን ግን... እውነት ቢሆን ለፋኪ አንድ ሌሊት ነው። ከተመታ በኋላ አንድ ሌሊት ምን ይጨምራል፣ አለች በልቧ፤ ይህን ያለችውን ደግሞ ሰማችው። ስልኩን ትራስ ስር ከተተችው። የሳውሙንም ጫማዎች ሁሉ ሰብስባ፣ እንዳትወጣ፣ ሩዝ ማስቀመጫው በርሜል ውስጥ ደበቀቻቸው። ሳውሙ እስረኛ አደረግሽኝ እያለች ስትስቅባት አመሸች። ያን ማታ ምዋናኮምቦ መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ በሯን ወለል አድርጋ፣ መንገዱን ስትጠብቅ ነጋ።

እሑድ ጠዋት ሪዚኪ ደወለች። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። ከኋላው ነፋስ፣ ሞተር፣ የውሻ ድምፅ ይሰማል፤ ባዲ ደስ ብሎታል። አምኗል እማ፣ አላት። ቦርሳው ከባሕሩ ማዶ ምቶንግዌ፣ አሮጌ የጀልባ መጋዘን ውስጥ ተቀብሯል ብሏል። ሁላችንም እዚያ ነን፤ ከመርከቡም ከአውቶቡስ መናኸሪያውም ፈታሾቹን ሳይቀር አምጥተናቸዋል፣ ቦታው ሰፊ ነው።

ሪዚኪ የቡናማውን ጫማና የጠባሳውን ነገር ነገረችው።

“እሱንማ ዓርብ ማታ ራሱ ተናግሮታል” አለ ባዲ። “ጠባሳውንም፣ ግማሽ ጨረቃውንም። ሁለት ሌሊት ሙሉ እሱኑ ሲደጋግም ነበር። መዋሸት ያቆመው ዛሬ ንጋት ላይ ነው።”

አራት ሰዓት ላይ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተነካኩ። ከዚያ ድምፁ መጣ። ሳውሙ ከመኝታ ቤት በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች፤ ሪዚኪ ይዛት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ድምፁ ከባሕሩ አልነበረም። ከምቶንግዌም አልነበረም። ከወዲህ ከከተማው ነበር።

መናኸሪያው ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ሰው ሞተ። አሥራ ሁለተኛው ባለ ቦርሳው ነው። ባዲ ማታ መጥቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ፣ አልገባም አለ። ሪዚኪ በሩ ላይ ቆማ ነው ያዳመጠችው። ከሰውየው ብዙ አልተረፈም። እግሩ ግን ነበረ፤ እግሩ ላይ ቡናማ የቆዳ ጫማ ነበረ፤ ተረከዙ ከጫማው ሁለት ጣት ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ የጫማው ቆዳ ላይ እንደ ግማሽ ጨረቃ የተቃጠለ ቦታ አለ። ሰውየው የበረባሶው ወሬ በገበያው መናፈሱን ሲሰማ ነው መስጊድ በር ላይ ያራገፈው። መናኸሪያው በር ላይ የነበረው ሽማግሌ ዘበኛ ጠዋት ሲገባ አይቶታል፤ ጫማው ጠብቦት እያነከሰ ነበር፤ አዝኖለት አግዳሚው ላይ ቦታ ሰጥቶታል።

ሰኞ ጀምበር ስትጠልቅ መኪናዋ መጣች። ፋኪን ባዲና አንድ ሌላ ሰው እንደ ምንጣፍ ተሸክመው አወረዱት። እግሮቹ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ጨርቁ ውስጥ ያለው የእግር ቅርጽ የለውም። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገባ። ምዋናኮምቦ አልጮኸችም። ልጇን አስገብታ፣ አስተኝታ ወጣችና መንገዱን ተሻግራ የሪዚኪን እጅ ሳመች። ባዲ ባይኖር ሬሳውንም አላገኝም ነበር፣ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸው ሌሎቹ እናቶች አላገኙም፣ አለቻት። ደግሞም አልሐምዱሊላህ ጣቶቹን አልነኩበትም፤ አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ። ከዚያ፣ እያፈረች፣ ቡናማውን ጫማ ባዲ ማስመለስ ይችል እንደሆነ ጠየቀቻት፤ መቼም አንድ ቀን ይቆማል፣ ሲቆም ባዶ እግሩን አይሁንብኝ።

ባዲ መኪናው አጠገብ ቆሞ ሰማ። ምዋናኮምቦ ስትገባ ወደ እናቱ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

“በዚህ ዓይን አትዪኝ” አለ።

“ምን አልኩህ?”

“እሱ ቢሆን ኖሮ የኔንም እጅ ትስሚው ነበር። ቦርሳው ምቶንግዌ ቢገኝ ኖሮ፣ ሳውሙ ዛሬ በሰላም ተሻግራ ብትመለስ ኖሮ፣ እንዲህ ቆመሽ አታዪኝም ነበር።”

ሪዚኪ ዋሽታ ልታመልጥ ትችል ነበር። ልጇ ነው፣ አልዋሸችውም።

“አዎ” አለችው። “እስመው ነበር።”

ይህ መልስ ባዲን ከስድብ በላይ አመመው። ዞር ብሎ ሄደ። ሙሴምቢ መኪናው ውስጥ እየጠበቀው ነበር፤ በረባሶውን በቢጫው ክር የሰፋውን ሰው አግኝተውታል። ዓሣ አጥማጅ ነው። ሦስተኛ ቦርሳ ይኖር እንደሆነ ሊጠይቁት ነው። በር እንዳትቆልፊ፣ አመሻለሁ ብሏት ገባ። ሪዚኪ አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። ጫማ የሰፋ ሰው ምን ያውቃል ልትል ነበር። ቢያውቅስ? ሦስተኛ ቦርሳ ቢኖርስ? ሳውሙ ነገ ትሻገራለች። መኪናዋ ሄደች።

እቤት ገብታ ሩዝ በኮኮናት ወተት ቀቀለች። ከዓሣው ጥሩ ጥሩውን መረጠች፣ እሾሁን ለቀመች፣ ትልቁ ሳህን ላይ ከምራ ለምዋናኮምቦ እንድታደርስ ለሳውሙ ሰጠቻት። እኔ አልሄድም፣ ደክሞኛል አለች። ሳውሙ ጫማዋን ከሩዙ በርሜል አውጥታ፣ ሩዙን አራግፋ አድርጋ ሄደች። ቆየች። ስትመለስ እጇ ባዶ ነበር፣ ፊቷም ልክ አልነበረም።

ፋኪ ቀና ተደርጎ ሦስት ጉርሻ በላ። በራሱ እጅ ነው የበላው። ከዚያ ሳውሙን በስሟ ጠራት። እናቷ ደህና እንደሆነች ጠየቃት። ቀጥሎም ለሪዚኪ አንድ ነገር እንድታደርስለት ለመናት፤ ድምፁ የታመመ ልጅ ድምፅ ነበር።

“ምን አለ?” አለች ሪዚኪ፤ ታውቀዋለች።

“ለእናትሽ ንገሪልኝ አለ። ያየችው ጫማ የኔ አልነበረም። የኔ ቢመስላት አልፈርድባትም በያት አለ።” ሳውሙ እናቷን አየቻት። “እዚያ ክፍል ውስጥ ሲመቱት ጎረቤትህ ናት ያየችህ ይሉት ነበር አለ። እማ? የፋኪ እናት ሾርባ እያበረደችለት ነበር። ማንኪያውን አስቀመጠችው።”

ሪዚኪ ከወንበሩ አልተነሳችም። ሳውሙ ጥቂት ጠበቀቻትና መኝታ ቤት ገባች።

ኋላ ከውጭ የሸክላ ድምፅ ተሰማ፤ ሰው አንድ ነገር በጥንቃቄ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጥ የሚሰማው። ሪዚኪ በሩን ከፈተች። ደፉ ላይ፣ ከሳውሙ ጫማ አጠገብ፣ ትልቁ ሳህኗ ተቀምጧል። ታጥቧል፣ ተወልውሏል፣ አብረቅርቋል። ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ ሎሚ እንኳ ተንከባሎ እንደሆነ ብላ ዙሪያውን በእጇ ዳበሰች። ምንም አልነበረም።

ምዋናኮምቦ ጀርባዋን ሰጥታ መንገዱን እየተሻገረች ነበር። ሪዚኪ ልትጠራት ፈልጋ በምን ስም እንደምትጠራት ጠፋት። እህቴ ልትላት ነበር። ምዋናኮምቦ ደፉን አልፋ ገባች፤ ሠላሳ ዓመት ገርበብ ብሎ ያደረው በር እስከ መጨረሻው ተዘጋ። ለጥቂት ጊዜ ከውስጥ ዝገት ሲፋቅ፣ ብረት ሲገፋ፣ አልሄድ ሲል ተሰማ፤ ሴትየዋ በማታውቀው መቀርቀሪያ ላይ በሁለት እጇ ታገለች። ከዚያ ገባላት።